ከበረት እስከ ነፍስ መንገድ፦ ውሻ በእኛና በአዝቴኮች ዘንድ

በአበርገሌ ፍየል ያለው ሰው ውሻ አያጣም። ወደ ተከዜ በሚወርደው ገደላማ ቆላ ጅብና ነብር ስላሉ፣ ሌሊቱን ከበረቱ በር የሚያድረው እሱ ነው፤ ቀን ከእረኛው ኋላ ይውላል። ደመወዙ ትርፍራፊ ነው። ምስጋናው ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት! ደግ ፍርድ አይደለም፤ ጅቡ ገና ሳይደርስ ውሻው እንደሚጮኽ እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ይኸው ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያልፍም፤ ርኩስ ነውና። በሞት ጊዜም ድርሻ የለውም። ነፍስን የሚቀበሉት መላእክት ናቸው፤ ከዘመድ የሚጠበቀው ፍትሐትና ተዝካር ነው፣ በ40ው፣ በ80ው፣ በሙት ዓመቱ። ሰቆጣ አጠገብ ባለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የጥንት የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባሉ አስከሬኖች አሉ፤ እነሱም የተሸኙት በካህናት ጸሎት ነው።

በጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች በአዝቴኮች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ከአገሬው ሽማግሌዎች ጠይቆ እንዳስጻፈው፣ በደዌ የሞተ ሰው ወደ ሙታን አገር ወደ ሚክትላን ለመድረስ 4 ዓመት ይጓዛል። መንገዱን ሰፊ ወንዝ ይቆርጠዋል፤ የሚያሻግረው ውሻው ነው። ስለዚህ ቢጫ ውሻ አንገቱ ላይ የጥጥ ፈትል ታስሮለት ከጌታው ጋር ይገደል ነበር። ቀለሙ እንዲሁ አልተመረጠም፦ ነጩ ገና መታጠቡን፣ ጥቁሩ ገና መቆሸሹን ሰበብ አድርጎ አላሻግርም ይላል። ሾሎትል የተባለው አምላካቸውም የውሻ ራስ ነበረው። ይህን ሁሉ በፍቅር ብቻ ያደረጉት እንዳይመስለን፤ ውሻ አድልበው ይበሉ፣ ገበያም አውጥተው ይሸጡ ነበር።

የእኛም መጻሕፍት ከልማዳችን ይልቅ ለውሻ ይራራሉ። በተአምረ ማርያም እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ታጠጣለች፤ ታሪኩ በብራናና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሥሏል፤ በእግሩ እንዳይገባ የተከለከለው በቀለም ገብቷል ማለት ነው። ኅዳር 25 በሚታሰበው በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ደግሞ አያቱን የበሉ ሁለት ገጸ ከልቦች፣ ማለትም የውሻ ፊት ያላቸው ፍጡራን፣ ኋላ አምነው የቤተሰቡ ባለሟሎች ይሆናሉ።

ለአዝቴኩ ውሻ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመጽሐፈ ጦቢት ውሻ ይመስለኛል። ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሯቸው ይወጣል፣ ሲመለሱም አብሯቸው ይመለሳል። መንገዱን የሚመራው መልአኩ ነው፤ ወንዝ ዳር ዓሣው ጦብያን ሊውጥ ሲወረወርም የሚደርስለት መልአኩ ነው። ውሻው ይከተላል እንጂ ማንንም አያሻግርም።