ውሃ የማያስጨንቅ ግቢ

በበጋ ወራት በአዲስ አበባ በርካታ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። ታዲያ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ጀሪካኑንና በርሜሉን የሚሞላው ማን ነው? በብዙ ቤት እናት ናት፤ አለዚያም ትልቋ ልጅ። በማግስቱ ደብተሯ ላይ ስታንጎላጅ የምናያት ደግሞ እኛ መምህራን ነን። እንዲህ ተለፍቶበት ከተጠራቀመው ውሃ ላይ ተቀንሶ ለግቢው ሣር ሲፈስ ማየት ያሳዝናል።

እስቲ እናስላው። አምስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ትንሽ መስክ 20 ካሬ ሜትር ናት። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ሊትር ብቻ ብናጠጣ በአንድ ጊዜ 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ትፈጃለች። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ አሥር ጀሪካን ነው። ያም ሆኖ ውሃው የሚያርሰው ከላይ ከላዩን ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ትመጥጠዋለች።

አንዳንድ አባወራዎች በዚህ ተማርረው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ይለብጡታል። ይህም መፍትሔ አይመስለኝም። በበጋ ሙቀቱን መልሶ ቤት ውስጥ ይተፋዋል፤ በሐምሌ ደግሞ አፈር ይጠጣው የነበረው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወደ ጎረቤት ደጅ ይሄዳል። የጎረቤት ሐቅ እዚህም ላይ አለ።

የሚሻለው ክረምቱን ጠጥቶ በጋውን የሚችል ተክል መምረጥ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጥብስ ቅጠል፣ አንዳንዶች ሮዝመሪ የሚሉት፣ ለመንገድ ዳርና ለአጭር አጥር የሚወዳደረው የለም። አንዴ ሥር ከሰደደ ውሃ ሲበዛበት እንጂ ሲያንሰው ብዙም አይጎዳም። መግዛትም አያስፈልግም፤ ከጎረቤት አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ ተለምኖ፣ የታችኛው ቅጠል ተመልምሎ፣ በክረምት መሬት ላይ ቢሰካ ይበቅላል። ኮሰረትም እንዲሁ በቅርንጫፍ ይራባል፤ ቅቤ ለምታነጥር እናት ከደጇ ቆርጣ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ሬት በድንጋይ መካከል እንኳ ይኖራል። ጠጅ ሣር ከሌሎቹ ይልቅ ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ ቦታው ከጣራው አሸንዳ ሥር ነው፤ እዚያም አፈሩን አንቆ ይይዛል። አበባ የሚወድ ሰው ደግሞ ጀራኒየም ይትከል።

ጥላ ለሚፈልግ ወይራ አለ። ወይራ በዝግታ ያድጋል፤ ለልጅ ልጁ የሚያስብ ሰው ዛፍ ነው። ነገር ግን ለመፋቂያም፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛም ይሆናል፤ ድርቅንም ይችላል። ከቤቱ ግድግዳ አራት አምስት ሜትር ራቅ ይደረግ። ባሕር ዛፍን ግን ለጠባብ ግቢ አልመክርም። ውሃውን ይሻማል፤ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደልብ አያበቅልም።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። በቦሌና በአቃቂ በኩል በብዛት ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የጥብስ ቅጠልና ሬት በድርቅ ሳይሆን በነሐሴ ጭቃ ሥራቸው በስብሶ የሚሞቱት በእንዲህ ያለው አፈር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በድንጋይ ከብቦ መደቡን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ፣ አፈሩንም ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከበሰበሰ ፍግ ጋር መቀላቀል። መትከያው ወቅት ዝናቡ ሲደላደል፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። በጥቅምት የተተከለ ተክል ዕድሜውን የሚጀምረው በጥም ነው።

«አያስቸግርም» የተባለ ተክል ሁሉ የመጀመሪያውን በጋ እንክብካቤ ይፈልጋል። ዘዴው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አይደለም፤ እንዲያ ሲደረግ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። በሳምንት አንዴ ማርካትና መተው ነው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደታች ይወርዳል። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን ደረቅ ሣር ወይም ጠጠር ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል፣ አረሙንም ያፍናል።

ለዚህ የሚሆን ውሃ ደግሞ ቤታችን ውስጥ አለ። ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱእ ቢያደርግና ለአንድ ውዱእ 1 ሊትር ቢበቃ፣ በቀን 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ይሆናል። ከዚህ ግማሹ እንኳ በሳፋ ቢያዝ ወይም የውዱእ ቦታው ወደ መደቡ እንዲያዘነብል ቢደረግ ለአዲሶቹ ተክሎች ይተርፋል። አትክልት የታጠበበት ውሃም ይሆናል። በረኪና የነካው ግን ተክል ይጎዳል። ሳሙና የበዛበትም ቢሆን አይመከርም። እንዲህ ያለውን የተጠቀምንበትን ውሃ ለምግብ በሚቀጠፍ ቅጠል ላይ ሳይሆን ከሥሩ እናፍስሰው።

ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እናቶችና አባቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅንጭብና ቁልቋል ያለ ውሃ ይኖራሉ ተብለው ለአጥር ይመረጣሉ፤ ሲቆረጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል። ጤና አዳምም ለቡና ቢወደድም፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቆስለው ሰው አለ፤ ስትመለምሉት እጃችሁን ሸፍኑ፣ ከዚያም ታጠቡ። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም እንደ አረም እየተስፋፋ ግጦሽ የሚያበላሽ፣ ለከብትም መርዝ የሆነ ተክል ስለሆነ ባይተከል ይሻላል።

ያለውን ሣር ሁሉ በአንድ ቀን መንቀል አያስፈልግም። ዘንድሮ የአጥሩን ዳር፣ ከርሞ የመንገዱን ግራና ቀኝ እያሉ መቀነስ ይቻላል። ልጆች የሚጫወቱበት አንድ ጥግ ሰርዶው ይቅርላቸው። በየካቲት ቢገረጣ አያስደንግጣችሁ፤ ሥሩ አልሞተም፣ ዝናቡ ሲመለስ ያለ አንድ ጀሪካን ይለመልማል።