ያልቆሰለው ጀርባ

የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከቢሾፍቱ ወጣ ካለ ገጠር አንድ አዛውንት ገበሬ አህያቸውን እየነዱ መጡ። ጀርባዋ ላይ የተጣለውን የማዳበሪያ ከረጢት ላነሳው ብሞክር አልነሳ አለኝ፤ ከቁስሉ ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ለብ ባለ የጨው ውሃ እያራስኩ፣ ዳር ዳሩን እያላቀቅኩ ሳነሳው መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ትሉ ታየ፤ ከትሉ ሥር ደግሞ የአከርካሪዋ አጥንት ጫፍ ነጥቶ ብቅ አለ። ለእንዲህ ያለው ቁስል አገራችን የራሱን ስም ሰጥታዋለች፤ ገጣባ ትለዋለች። ስም ያወጣንለት ብዙ ስላየነው ነው።

ማጠብ ልጀምር ስል ስልኬ ጠራ። ከውጭ አገር ለጋሾች ገንዘብ ለሚያሰባስብ አንድ ድርጅት ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው። «ዛሬ ምን አላችሁ?» አሉኝ። ያለውን ነገርኳቸው። «እባክህ እስክንደርስ እንዳታጥበው» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ በላብ ይጠመቃል፣ መሬቱን ይጎደፍራል። አህያ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዝም ትላለች፤ የማያውቃት ሰው ደህና ናት ይላል። ያቺ አህያም ዝም ብላ ቆመች። አዛውንቱ ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ መድኃኒቱ አልቆ ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባባ፣ እንግዳ እየጠበቅን ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። ዛሬም ድረስ የምጸጸተው በዚያች ጥያቄ ነው።

ፎቶው ተነሳ፣ በራሪ ወረቀት ላይ ወጣ፣ ገንዘብም መጣ። በዚያ ገንዘብ ከተገዛው የቴታነስ መከላከያ እኔው ራሴ በእጄ ወግቻለሁ፤ ፋሻውንና አዮዲኑንም እኔው ተጠቅሜበታለሁ። ስለ እርዳታ ገንዘብ የምጽፈውም ከውጭ ሆኜ እየታዘብኩ አይደለም፤ በገንዘቡ የሠራሁ ሰው ነኝ።

በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ አህያ የበዛበት አገር የለም። እህሉን፣ ውሃውን፣ ከሰሉን፣ ሲሚንቶውን የምታመላልሰው እሷ ናት። ይሁንና ለላምና ለበሬ የሚመደበው በጀት ለእሷ ተርፎ አያውቅም፤ ሥጋዋ አይበላም፣ ወተቷም አይሸጥም። ስለዚህ በዚህ አገር የአህያና የጋሪ ፈረስ ሕክምና፣ ምርምርና ትምህርት በአብዛኛው የቆመው ሰዎች ከኪሳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የተከፈተው። እዚያ የተማረ ሐኪም ሁሉ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ ስፓና፣ ብሩክ የሚባሉትን የእርዳታ ድርጅቶች ያውቃቸዋል። ሦስቱም የተነሱት መንግሥት አዟቸው ሳይሆን አንድ ሁለት ሰው ያየውን አይቶ አላስችል ስላለው ነው።

ብሩክን የመሠረቱት ዶሮቲ ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ሲገቡ ያገኟቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሸጧቸው የሄደ ፈረሶች ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ከስተዋል፣ ያም ሆኖ ድንጋይና ጋሪ ይጎትታሉ። በ1931 ለንደን ለሚታተመው ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። አንባቢው ገንዘብ ላከላቸው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ገዙ። አብዛኞቹ የማይድኑ ነበሩ፤ ጥቂት ቀን በልተውና አርፈው ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የተከተለው ነው። ሕዝቡ ያዋጣው ለነዚያ ፈረሶች ነበር፤ እሳቸው ግን በ1934 ሆስፒታል ከፈቱ። ፈረሶቹ አለፉ፣ ሆስፒታሉ ቀረ፤ ሥራውም ቆይቶ ኢትዮጵያ ድረስ መጣ።

የዶንኪ ሳንክቹዋሪዋ ኤልሳቤት ስቬንድሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር ሲድመዝ አጠገብ ሥራውን ከጀመሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ቫዮሌት ፊልፒን የተባሉ ሴት ሞተው በኑዛዜ 204 አህዮች ተዉላቸው። ገለባ የሚፈልግ፣ ሐኪም የሚፈልግ ውርስ! ዛሬም የድርጅቱ ገቢ አብዛኛው ከኑዛዜ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የመድኃኒት ካርቶን ስከፍት አንዳንዴ ሳላስበው «ነፍስ ይማር» እላለሁ። ኢትዮጵያን አይታ የማታውቅ አንዲት አሮጊት፣ ልጅ ያልነበራት ይሆናል፣ ቤቷ ተሸጦ እኔ እጅ ላይ አዮዲን ሆኖ ደርሷል።

ያዋጡት ሰዎች ልብ ንጹሕ ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ችግሩ ገንዘቡ ከምን ጋር ታስሮ እንደሚመጣ ነው። ቁስል ያየ ሰው ለቁስል ይሰጣል። ሪፖርቱም «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት እንስሳ ታከመ?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲያድግ ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔ ግን ያንኑ ጀርባ በየሦስት ወሩ እያየሁ ነበር። አጥቤ፣ ቀብቼ፣ «ሦስት ሳምንት እንዳትጫን» ብዬ እሸኛታለሁ። ባለቤቱ ሦስት ሳምንት ያለ አህያ ምን ይብላ? በአራተኛው ቀን ይጭናታል። በሦስት ሪፖርት ሦስት እንስሳ ሆና የተቆጠረችው አንዲት አህያ ናት።

ምርምር ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የጋሪ ፈረሶቻችንን የሚጨርስ አንድ የፈንገስ በሽታ አለ፤ በሕክምናው ቋንቋ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ይባላል። በመጀመሪያ እግር ላይ ወይም ደረት ላይ አንድ እብጠት ይታያል። ከዚያ በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ እየተደረደረ ይወጣል፤ አንዱ ይፈነዳል፣ ወፍራም መግል ያወጣል፣ ሳይድን ሌላው ይከተላል። ወራት ይፈጃል። ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት በ28 ከተሞች ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ታሞ አግኝቶታል። በሽታው ሞቅና ረጠብ ባለ አየር ይበረታል፤ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ያሉ ከተሞች ይተርፋሉ። በቁስል ይገባል፤ ልጓምና ዕቃ የላጠው ቆዳ በሩን ይከፍትለታል። አስፋልት ዳር ተጥለው መኪና ሲያልፍ የማይነቃነቁ ፈረሶችን ያየ ሰው፣ አንዳንዶቹ በዚሁ በሽታ ጉልበታቸው አልቆ የተጣሉ መሆናቸውን ይወቅ።

ለዚህ በሽታ ክትባት ላምርት ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ የለም፤ ገዢው ባለጋሪ ነውና። አህያን በሚመለከትም እንደዚያው ነው። ፊኒልቡታዞን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የአህያ ሰውነት ከፈረስ ይልቅ ቶሎ ያስወግደዋል፤ በፈረስ ልክ የሰጣት ሐኪም ያከማት ይመስለዋል እንጂ እሷ ሥቃይ ላይ ናት። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ተቀምጦ፣ በየሰዓቱ ደም ቀድቶ፣ ለክቶ ስለጻፈልን ነው። ደም ሲቀዳ የሚያሳይ ፎቶ ማንንም አያስለቅስም። እኔ በየሳምንቱ መጠኑን ሳሰላ ግን ያ ልኬት ከብዙ ካርቶን መድኃኒት ይበልጥብኛል።

የትምህርትን ጥቅም ያየሁበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ነበርን፤ በአንድ ጥግ አህያ የሚነዱ ሰዎችን ሰብስበን የጭነት ትራስ አሠራር እናሳያለን። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ረጃጅም ከረጢት በወስፌ ይሰፋል፤ ጀርባዋን በሚነካው በኩል ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ይደረጋል፤ ውስጡ በጭድ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይሞላል። ሁለቱ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እንዲያርፉ ከላይ በሁለት ሰፋፊ ጠፍሮች ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው አራት ጣት ክፍተት ይቀራል። አከርካሪው ያለው በዚያ ክፍተት ነው። ጭነቱ በጎንና በጎን ሥጋው ላይ ያርፋል፣ አጥንቱን አይነካም።

እያስረዳሁ ሳለ ወንዶቹ ሰልችቷቸው ስልካቸውን ያያሉ። ከኋላ ቆመው የነበሩ አንዲት እናት ወደ ፊት መጡና እጃቸውን ትራሱ ክፍተት ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለጥ አድርገው «እኔ ልጅ ሆኜ እንጨት ተሸክሜ እሸጥ ነበር። ገመዱ ሥጋ ላይ ሲውል ይችሉታል፤ አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው የሚገድለው። እሷም እንደኔው ናት ማለት ነው?» አሉ። «አዎ እማማ፣ እንደርስዎ ናት» አልኳቸው። ዞረው ወንዶቹን ተቆጧቸው። በዚያች ደቂቃ እኔ በግማሽ ቀን ያላደረግሁትን አደረጉ። ከዚያ በኋላ ስልጠና ባለ ቁጥር ከእኔ በፊት እሳቸው እንዲናገሩ እናደርግ ነበር።

ያ ቀን በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነዳጅ፣ የቀን አበል፣ ወስፌና ክር ነው። የታከመ እንስሳ፣ ዜሮ። ለጋሹ «ከምሰጠው ገንዘብ ስንቱ አህያዋ ጋ ደረሰ?» ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው። ሕጋችንም ይህንኑ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝ ነበር፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወደ 20 በመቶ አውርዶታል። በቁጥጥሩ አምናለሁ፤ የእርዳታ ገንዘብ በስብሰባና በመኪና ሲያልቅ አይቻለሁ። ነገር ግን ወደ እህል በረንዳ የሄድንበት ነዳጅ አህያዋ ጋ ደርሷል። ከየትኛውም መርፌ ይልቅ ቀርቧታል። ይህን ለለጋሹ ማስረዳት የእኛ የሐኪሞቹ ሥራ ነው፤ እኛ ግን ቁስል ማሳየት ስለሚቀል እሱኑ ስናሳይ ኖረናል።

ደግሞስ ሁልጊዜ የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ለምን ይሰጣል? እኛ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ስናዋጣ የኖርን ሰዎች ነን፤ እድርና እቁብ ማንም አላስተማረንም። አንድ ጊዜ የምሠራበት ከተማ ያሉ ባለጋሪዎች ፈረስ ሲታመምባቸው እየተበደሩ መቸገራቸውን አነሱልኝ። እቁባቸው ላይ በሳምንት አምስት አምስት ብር ጨምረው የመድኃኒት ሳጥን እንዲያቋቁሙ ተነጋገርን። ከመካከላቸው አንዱ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለና ነገሩ ተቋጨ። ሳጥኑ ትንሽ ነበር፤ ያም ቢሆን የባለጋሪው ፊት ተለወጠ። ነፃ ሲታከምለት አንገቱን ደፍቶ ይቀበል የነበረ ሰው፣ ከፍሎ ሲያሳክም «ዶክተር፣ ይሄ መርፌ ምንድን ነው? ለምን ደገምከው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሕክምና ሁሉ ነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ የነበረኝ እኔ፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። የድሃ ድሃውን በነፃ፣ የሚችለውን በአቅሙ እያስከፈሉ፣ ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ ደግሞ ባለጋሪው ሊሸከመው ለማይችለው ለምርምሩና ለትምህርቱ ማዋል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እኒያ አዛውንት ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ ያስታወሰችኝ አህያዋ ናት። ገጣባ ሲድን ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ የአሮጊቷ አህያ ጀርባ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ነበረ። ከኋላዋ ውርንጭላዋ ትከተላለች፤ አድጋ ለጭነት ደርሳለች፣ እሳቸው ራሳቸው የሰፉት የጭድ ትራስ ተጭኖባታል። አወረዱትና በእጃቸው ጀርባዋን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። እኔም እጄን ከትከሻዋ እስከ ሽንጧ ድረስ አሳለፍኩት። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ አንድም ነጭ ጸጉር የሌለበት።

ካርድ የምትጽፈው ልጅ ብዕሯን ይዛ «ዶክተር፣ ሕመሟ ምን ተብሎ ይመዝገብ?» አለችኝ።

አዛውንቱ ቀደሙኝ። «ምንም አላመማትም፣ የኔ ልጅ። ለሱ ላሳየው ብዬ ነው ያመጣኋት።»