መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዘው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ለከተማዋ ስሟን ያወረሳት ውኃ ከጎኗ ተንጣሎ ይታያል፤ ወደ ውኃው ዘልቆ በገባው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ያወጣል። አምባሰልን ብዙ ሰው በሙዚቃ ቅኝቱ ያውቀዋል፤ ውጫሌን በ1881 ዓ.ም. ውል፣ የአምባሰሏን ግሸን ማርያምን በመስከረም 21 ንግሥ። በዚህ አገር ሥር የሰደደ አንድ ተቋም ግን ይህን ያህል አይወራለትም፤ እርሱም የመጣውን ሁሉ ያለ መግቢያ ፈተና የሚቀበለው የቤተ ክርስቲያን አብነት ትምህርት ቤት፣ ጉባኤ ቤት፣ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ፣ ስለ ማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) እና ስለ መውጫ ፈተና በየቤቱ ክርክር በሚነሣበት በዚህ ጊዜ፣ በሩን ከፍቶ ለዘመናት ያስተማረን ቤት አሠራር ማወቅ ይጠቅማል።

የሐይቁ ጉባኤ

ትውፊቱ የገዳሙን ምሥረታ ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ታላቅ ትምህርት ቤት የሆነው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከመጡ በኋላ ነው። እሳቸው የተማሩት በትግራይ፣ በደብረ ዳሞ፣ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ነበር። በዚያ ዘመን ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሰው እስከ ሰሜን ገዳማት መጓዝ ነበረበት፤ የሐይቅ ጉባኤ ሲዘረጋ ትምህርቱ ለመካከለኛው አገርና ለሸዋ ሰው ቀረበ።

ከሸዋ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መጡ። ሲመጡ ሕፃን አልነበሩም፤ ክህነት የተቀበሉ ጎልማሳ ነበሩ። ያም ሆኖ እንደገና ተማሪ ሆነው ለዓመታት ቆዩ፤ ኋላም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ሂሩተ አምላክ ደግሞ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። ኢየሱስ ሞዓ በ1270ዎቹ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ተርታ የቆመበት ዘመንም ነበር። ከየአገሩ የመጣውን ተቀብሎ ያስተማረ ቤት፣ ያስተማራቸው ሰዎች በየአገሩ ሌላ ቤት ተከሉለት።

በሩ ላይ ምን ይጠየቃል?

ወደ አብነት ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ የሚያቀርበው ወረቀት የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይደርሳል፤ የኔታን ጉልበት ስሞ ይቆማል። የሚጠየቀው ከወዴት እንደመጣ፣ ከማን ዘንድ እንደቆየ፣ ምን ላይ እንደደረሰ ነው። መልሱ የሚያገለግለው ቦታውን ለመለየት ነው። ዳዊት ያልደገመ ወደ ዳዊት ይሄዳል፤ ዜማ የጀመረ ካቆመበት ይቀጥላል። የትምህርት ክፍያ የለም፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ለየኔታ መታዘዝ ግን አለ።

ቤቶቹ ብዙ ናቸው፦ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ሁሉንም በአንድ ቦታ ጨርሶ የሚወጣ ተማሪ እምብዛም ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የያዘ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም ያለ ወደ ጎንደር ይሄዳል። በቅኔ ወሎ የራሱ የሆነ የዋድላ ስልት አለው፤ ጎጃም ደግሞ ዋሸራን ይጠራል።

ክፍት በር ያለው ቤት ሥራውን ከውስጥ እንዴት እንደሚያደራጅ ለማየት ቅኔ ቤት ጥሩ ማሳያ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ያድጋል። ቀን ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቅኔውን ለማሰማት ለነገራ ይቀርባል። መቶ ተማሪ ያላቸው የኔታ የመቶውን ቅኔ በየቀኑ ሊሰሙ አይችሉም። ስለዚህ ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታችኞቹን ይሰማሉ፣ ያርማሉ። የትናንቱ ጀማሪ የዛሬ አራሚ ነው፤ ሲያርምም የራሱ እውቀት ይጠነክራል። መምህሩ አንድ ሆነው ተማሪው ሊበዛ የቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ጉባኤ ቤት «ባች» የለውም። አንዱ በስድስት ወር የተሻገረውን ሌላው ሁለት ዓመት ይቆይበታል፤ የዘገየው ወድቋል አይባልም፣ ገና አልደረሰም ይባላል እንጂ። መውጫው ግን እንደ መግቢያው አይደለም። ተማሪው ባለ ድጓ የሚባለው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በመምህር ፊት ዘልቆ፣ ታርሞ፣ ተመስክሮለት ነው። የዓመት ብዛት ማዕረግ አያሰጥም፤ የወላጅ ሀብትም አያሰጥም።

በሩ የሠራው መንደር

የበሩ መከፈት የግቢውን መልክ ይወስነዋል። በዓመቱ ስንት ተማሪ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስለሌለ አስቀድሞ መኖሪያ የሚሠራ የለም። የመጣው ልጅ ነባር ተማሪ ጎጆ ውስጥ ይጠጋል፤ ወይም ከባልንጀሮቹ ጋር እንጨትና ሣር ሰብስቦ የራሱን ይቀልሳል። ስመ ጥር መምህር ያለበት ደብር ዙሪያውን ጎጆ ይወረዋል፤ የኔታ ሲያርፉ ወይም ሲዛወሩ ተማሪው ይበተናል፣ ጎጆውም ይፈርሳል።

ቀለቡ ከአካባቢው ሰው ነው። ተማሪው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ከውሻ እየተከላከለ የተሰጠውን ቁራሽ በአኩፋዳው ይዞ ይመለሳል። የተረፈው ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል። የድግስ ቀን ሲሆን ዘኬው ይደርሰዋል። በዚህ ዓይነት የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የምግብ ወጪ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሞሰቦች ተከፋፍሎ ያልፋል፤ አዝመራ የከፋ ዓመት ግን ጉባኤውን ይፈታዋል።

የተማሪው ስብጥርም ከዚሁ ይመጣል። ገና ዳዊት የሚቆጥር ልጅ፣ ሚስትና ትዳር ትቶ የመጣ ጎልማሳ፣ ከጎንደር የመጣ ዲያቆን፣ ዓይነ ስውር፣ ሁሉም በአንድ ጉባኤ ይውላሉ። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል ስለሚሄድ ዓይነ ስውሩ ከሌላው ወደኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ ከታላላቆቹ የቅኔ መምህራን መካከልም ዓይነ ስውራን አሉ።

ይህ አሠራር በቤተ ክርስቲያን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሐይቅ ዙሪያ ያሉት ተሁለደሬና አምባሰል ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር ነው። የወሎ ደረሳም (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ኪታቡን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል፤ ፊቅህ ከአንዱ፣ ነሕው ከሌላው፣ ተፍሲር ከሦስተኛው ይቀራል። ጀማ ንጉሥ፣ ጌታና ዳና ስማቸው ከወሎ አልፎ የተሰማ የትምህርት ማዕከሎች ናቸው። እዚያም መግቢያ ፈተና የለም፤ ቀለቡም ከመንደር ነው።

ያልተቆጠሩት

ጉባኤ ቤትን እንዲሁ ማሞገስ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። የመጀመሪያው፣ «ለሁሉ ክፍት» የሚባለው በር ለሴት ልጅ ክፍት አልነበረም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬም ሴት አይገባበትም። በቅኔ መምህርነት ስማቸው የገነነው የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የተማሩት አባታቸው መምህር ስለነበሩ ጉባኤው እቤታቸው ድረስ ስለመጣላቸው ነው። ዓይነ ስውርነታቸው አላገዳቸውም፤ አባታቸው ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ግን ሴትነታቸው ባገዳቸው ነበር።

ሁለተኛው፣ በበሩ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ሲወጣም አይመዘገብም። በረሃብ፣ በወባ፣ በእከክ ተሸንፎ ወደ እርሻው የተመለሰውን፣ መንገድ ላይ የቀረውን ልጅ የሚቆጥር መዝገብ የለም። መቶ ገብተው አሥር ቢያስመሰክሩ የምናውቀው የአሥሩን ስም ነው። ጉባኤ ቤት የወዳቂ መጠን የለውም ስንል አንዱ ምክንያት ወዳቂውን አለመቁጠሩ ነው።

የኒው ዮርክ ሙከራ

በሩን ከፍቶ ውጤቱ በአደባባይ የተቆጠረበትን ዩኒቨርሲቲ ለማየት ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1969 በሲቲ ኮሌጅ ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ካነሡት ተቃውሞ በኋላ፣ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1970 መጸው በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰ ሁሉ ቦታ ሰጠ። የአዲስ ገቢዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ አሻቀበ፣ ክፍል ጠበበ፣ የግቢው መልክ ተለወጠ። መምህራኑም አይተውት የማያውቁት ዓይነት ጽሑፍ እጃቸው ገባ። ከመካከላቸው ሚና ሾነሲ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀቶች በሺዎች አንብባ በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ስሕተታቸው የስንፍና ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው፣ በትምህርትም የሚታረም መሆኑን አሳየች። ነገር ግን ከተማዋ ገንዘብ ሲያጥራት በ1976 ነፃ ትምህርቱ ቀረ፤ በ1999 ደግሞ የማካካሻ ትምህርት ከአራት ዓመት ኮሌጆቹ እንዲወጣ ተወሰነ። የኒው ዮርክን በር የከፈተው ፖለቲካ ነበር፤ ያጠበበውም በጀትና ፖለቲካ ነው።

ከነጥብ መቁረጫ እስከ ሬሜዲያል

ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ አጋማሽ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደሴና በኮምቦልቻ ያስተምራል፤ ወልድያም የራሷን አግኝታለች። በሩ የተከፈተው በግንባታ ነው፦ በየዓመቱ ባለው ቦታ ልክ የመቁረጫ ነጥብ ይወጣ ነበር፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ዝቅ ይል ነበር። በዚህም አባቱ ፊደል ያልቆጠረ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ኢንጂነር፣ ሐኪም ሆኗል። የዶርሙ ተደራራቢ አልጋ ከተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት የመጡ ልጆችን አንድ ክፍል አሳድሯል። ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ያደገውን ያህል መምህሩ፣ ላቦራቶሪውና መጽሐፉ አላደገም።

ከዚያ በሩ በአንድ ጊዜ ጠበበ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ብዙ የገጠር ልጅ ካምፓስን መጀመሪያ ያየው ለመፈተን ሄዶ ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ሆነ። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ደሴና ሐይቅ ያሉበት ደቡብ ወሎ ይህን ፈተና የተቀበለው በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቶቹና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈውና ወድመው ገና ሳያገግሙ ነው። አዲስ ገቢው ሲያንስ የካምፓሱም መልክ ተለወጠ፤ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ አጡ።

ክፍተቱን ለመሙላት ሬሜዲያል መጣ። ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተሻሉት ተመርጠው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ እንግሊዝኛና ሒሳብን ጨምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን ለጥቂት ወራት ተምረው ይፈተናሉ፤ ያለፈ አንደኛ ዓመት ይጀምራል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት ከ40 በመቶ ጥቂት ከፍ ያሉ ናቸው። አሁን ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም ጫፍ ፈተና አለው።

የጉባኤ ቤት ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ክፍት በር ርካሽ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍል ይፈልጋል። በጉባኤ ቤት ቀለቡን መንደሩ፣ የማስተማሩን ድካም ነባሩ ተማሪ፣ ቀሪውን ደግሞ ጊዜ ይከፍላሉ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት ቀለቡን መንግሥት በወጪ መጋራት ያዘ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ግን የያዘ አልነበረም። ደክሞ የገባውም በርትቶ የገባውም በአንድ ባች፣ በእኩል ዓመት እንዲጨርሱ ተጠበቀ። አራተኛ ዓመቱ አንደኛ ዓመቱን እንዲያስጠና ግዴታም ክብርም አልተሰጠውም።

ዩኒቨርሲቲው ከጉባኤ ቤት የሚበልጥበትም አለ፦ ሴቶችን ያስገባል፣ ይመዘግባል፣ ይቆጥራል። 3.2 በመቶ የሚለው ቁጥር ቢያሳፍርም አገር እንድትነጋገርበት ያደረገው መቆጠሩ ነው። ከሬሜዲያል ገብተው የተመረቁት፣ ያቋረጡትና የመውጫ ፈተናውን ያለፉት በየዩኒቨርሲቲው ተለይተው ቢታተሙ፣ ከሐይቅና ከውጫሌ ልጁን የሚልክ ወላጅ በወሬ ሳይሆን በመረጃ ይወስናል። አስነጋሪነትም ካምፓስ ቢገባ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስጠናው ተማሪ ድካሙ በውጤቱ ላይ ቢታሰብለት ይበቃል። ከባዱ ጊዜው ነው። ሬሜዲያል 12 ዓመት የተጠራቀመን ጉድለት በጥቂት ወራት እንዲሞላ ተጠይቋል፤ ያልደረሰውንም ያሰናብታል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ላይ ብቻ ከዚያ የበለጠ የሚቆይ ተማሪ አለ፤ አስነጋሪውም በማግስቱ እንደገና ይሰማዋል።