ያውቁ ኖሯል? እየተንቀሳቀሱ የተጠና ቃል ይበልጥ ይያዛል

በወላይታ ዞን፣ ዱቦ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ወላይትኛ ይናገራል፤ አማርኛ ይጨምራል፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ ተቀምጦ ብቻ እንዲያጠና መምከር ግን ተገቢ አይመስለኝም። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ እንግሊዝኛ ከሚማሩ 40 ቻይናውያን መካከል ቋሚ ብስክሌት እየነዱ ቃላት ያጠኑት ተቀምጠው ካጠኑት በልጠዋል፤ ብልጫቸውም ከወር በኋላ አልጠፋም። «የገጠሩን ልጅ እርሻውና መንገዱ አድክሞት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የዛለ ሰው ትምህርት አይገባውም። የተፈተነው ግን ልከኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እስኪዝሉ መሮጥ አይደለም። ስለዚህ ሌላ ልፋት ሳይጨመርበት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሚሄድበት መንገድ ጥቂት አዳዲስ ቃላትን ከጓደኞቹ ጋር ጮክ ብሎ ቢለማመድ ይበቃዋል።