ኮኬይን ያቆመ ሰው አምሮቱ ለምን ይመለስበታል?



ሰሞኑን አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ኮኬይን ካቆመ 7 ወሩ ነበር። የድሮ ጓደኛውን ባገኘበት ቀን ማታውኑ ተመለሰበት። ሰው እንዴት በአንድ ቀን ቃሉን ያጥፋል?»

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ነገሩ ቃል ማጠፍ ብቻ አይደለም።

ኮኬይን ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ወደ ወጣበት ሴል እንዳይመለስ በሩን ይዘጋበታል። ዶፓሚኑ ሲጠራቀም ሰውዬው ይነቃቃል፣ ይደሰታል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ኮኬይን የሴሮቶኒንንም በር መዝጋቱ ነው።

ሴሮቶኒን የሚሠራው ሪሴፕተር በሚባሉ ተቀባዮች በኩል ነው። ወደ 14 ዓይነት አሉ። ለዛሬ ሁለቱን እንይ፦

✔️ 2ሲ፦ እንደ መኪና ፍሬን ነው። ሲነቃ የዶፓሚኑን ግፊት ያበርደዋል።

✔️ 2ኤ፦ እንደ ነዳጅ ነው። ችኩልነትን ያባብሳል።

በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች 2ሲ ሲነቃ ወይም 2ኤ ሲታገድ፣ ኮኬይንን የሚያስታውስ ምልክት የሚቀሰቅሰው ፍለጋ ቀንሷል። ለወንድምሽ ያ ምልክት ጓደኛው ነው። ለሌላው ሰፈር፣ ዘፈን ወይም የኪስ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ፍሬኑን የሚያጠብቅ ኪኒን የለም ወይ?

2ሲን የሚያነቃ ሎርካሰሪን የሚባል የክብደት መቀነሻ ነበር፤ ለኮኬይን ሱስም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን በካንሰር ስጋት ምክንያት ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እስካሁን ለኮኬይን ሱስ ብሎ ያጸደቀው መድኃኒት የለም። ሴሮቶኒንን የሚጨምሩ የድብርት ኪኒኖችም ለዚህ ሱስ አስተማማኝ ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትሞክሩ!

የሚሠራው ምንድነው?

👉 አምሮት ቀስቃሾችን ለይቶ መራቅን የሚያስተምር የሥነ ልቦና ሕክምና

👉 የሽንት ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ሕክምና። ቀላል ቢመስልም ጥሩ ማስረጃ ያለው ይሄ ነው።

⚠️ ኮኬይን ወስዶ ደረቱን ያመመው፣ የተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የወሰደውንም አትደብቁ፤ ሕክምናው ይለያያል። ከአልኮል ጋር ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ኮካኤቲሊን የሚባል ልብን የሚጎዳ ነገር ይፈጠራል።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ወንድምሽን «ለምን?» ከምትይው «ምን ስታይ ነው ያማረህ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ይዛችሁ አብራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉ።