በዋጃ የሚለቀቅ የማቀዝቀዣ ጋዝ የዋልታዎችን ኦዞን እንዴት ይጎዳል?

በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃም ሆነ በሌሎች የራያ ቆላማ አካባቢዎች ፍሪጅ ለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለጤና ተቋማት አስፈላጊ መሣሪያ ነው። አሮጌ ፍሪጅ ሲጠገን ወይም ሲወገድ ግን በውስጡ ያለው ጋዝ ወደ አየር ሊለቀቅ ይችላል።

የኦዞን ንጣፍ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ለቆዳ ካንሰርና ለዓይን ሞራ የሚያጋልጠውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያጣራል። እንደ አር-12 ያሉ ክሎሪን ያላቸው ጋዞች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሳይፈራርሱ ስለሚቆዩ ከዓለም አየር ጋር ይደባለቃሉ። አየር ወደ ላይኛው ከባቢ አየር በዋናነት የሚወጣው ኢትዮጵያ በምትገኝበት የሐሩር ቀጠና ሲሆን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ዋልታዎች ይጓዛል።

በደቡብ ዋልታ የጨለማ ወራት ኃይለኛ ነፋስ አንታርክቲካን እየዞረ ቀዝቃዛውን አየር ከሌላው ይለየዋል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ልዩ ደመናዎች ይፈጠራሉ። በእነዚህ ደመናዎች ላይ ክሎሪን ጉዳት ወደሚያደርስ ዓይነት ይለወጣል፤ በመስከረም ፀሐይ ስትመለስም ኦዞንን በፍጥነት ያፈርሳል። በሰሜን ዋልታ ግን ተራሮችና የየብስ አቀማመጥ የሚያስነሡት የአየር ሞገድ ዙሪያውን የሚዞረውን ነፋስ ስለሚያናውጠው አየሩ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ነፋሱ ሳይናወጥ በቆየበት እ.ኤ.አ. በ2020 ግን በዚያም ከፍተኛ የኦዞን መሳሳት ታይቷል።

ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልን እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716ን አውጥታለች። የተባበሩት መንግሥታት ግምገማ እንደሚያመለክተው አገራት ስምምነቱን ማክበራቸውን ከቀጠሉ በአንታርክቲካ ያለው ኦዞን እ.ኤ.አ. በ2066 ገደማ ወደ 1980 ደረጃው ይመለሳል።

ስለሆነም ተገልጋዮች፦

• ያገለገለ ፍሪጅ ከመግዛታቸው በፊት በመለያው ላይ የተጻፈውን የጋዝ ዓይነት እንዲያዩና አር-12 ያለበትን እንዳይገዙ፤
• በጥገና ወቅት ጋዙ ወደ አየር ሳይለቀቅ ወደ ሲሊንደር እንዲሰበሰብ ባለሙያውን እንዲጠይቁ፤
• በመለያው ላይ ከተጻፈው የተለየ ጋዝ እንዳያስሞሉ፤ አር-600ኤ ተቀጣጣይ በመሆኑ ያለ ቦታው መሙላት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፤
• አሮጌ ፍሪጅ ሲያስወግዱ የጋዝ ቱቦውን እንዳይቆርጡ ይመከራሉ።