ምዕራፍ 4፦ የበልግ ጓሮና የሁዳዴ ድስት

በልግ የምንለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ወቅት ነው። ዝናቡ እንደ ክረምቱ አይታመንም። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ድንገት ይጠፋል፤ ሲመለስ ደግሞ በረዶ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የበልግ ገበሬ ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይመርጣል። የከተማ ጓሮም በዚሁ ብልሃት ይመራ። በዚህ ወቅት የሚያዋጣው ቶሎ የሚደርስና ሲቀጠፍ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ቅጠላ ቅጠል ነው። የወጥ ቤት ወጪም የሚቀንሰው ድስቱ ጓሮውን ሲከተል ነው፤ ያማረዎትን ወጥ አስበው ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ዛሬ ምን እንደደረሰ ጓሮዎን ይዩ።

ምን፣ መቼ ይተከል?

የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ቆስጣ በዘር ከተዘራ ለመድረስ ከ50 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የተዘራ ቆስጣ የሚደርሰው ለፋሲካ ግድም ነው። ጾሙን በጓሮ ቅጠል ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ችግኝ ያፈላል፤ ካልሆነም ችግኝ ገዝቶ ይተክላል። በዘወረደ ሳምንት የተተከለ የጎመን ችግኝ ከተመቸው ደብረ ዘይት ሲደርስ የመጀመሪያውን ቅጠል ይሰጣል።

ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ መደብ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት 30 ያህል የጎመን ችግኝ ይይዛል። ሲለቅሙ ከግርጌ ያሉትን የደረሱ ቅጠሎች ብቻ ይቅጠፉ፤ መሃሉን አይንኩ። እንዲህ የተያዘ ጎመን ለወራት ይለቀማል፤ ከነሥሩ የተነቀለው ግን የአንድ ቀን ወጥ ነው። ሰላጣን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመዝራት በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል። ካሮት ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይዘራ።

ቲማቲምና ድንች በተከታታይ ዝናብና ብርድ በሽታ ይፈጥንባቸዋል። ቅጠላቸው ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ በታችኛው ገጽም ነጭ ሻጋታ ካዩ የታመመውን ወዲያው ቆርጠው ከጓሮው ያርቁ። ቲማቲም የግድ ከተከሉ ዝናብ በቀጥታ የማያገኘው፣ ፀሐይ ግን የሚደርሰው ቦታ ይምረጡለት።

ውሃውን መምራት

በመረሬ አፈር ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሥርም ይበሰብሳል። መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉና ዙሪያውን ቦይ ያውጡለት። ዝናቡ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የጣራው ውሃ ይደርስልዎታል። 10 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 100 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ይሞላል ማለት ነው።

ከውሃው ሌላ ተባይንም ይከታተሉ። ጠዋት ጓሮ ሲወጡ ከአፈሩ ልክ ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካገኙ ጥፋተኛው ቆራጭ ትል ነው። በጣትዎ ዙሪያውን ቢጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ያገኛሉ። ለቅሞ መግደል ለትንሽ ጓሮ በቂ ነው፤ መርጨት አያስፈልግም።

ከጓሮ ወደ ድስት

ቆስጣን ከመክተፍዎ በፊት ይጠቡት፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ንጥረ ነገሩ ከውሃው ጋር ይፈሳል። አገዳውን አይጣሉ። ደቅቆ ተከትፎ ከሽንኩርቱ ጋር አስቀድሞ ይቁላላ፤ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ። ቅጠሉ የራሱ ውሃ ስላለው ሌላ ውሃ አይሻም፤ ድስቱን ከድነው ለጥቂት ደቂቃ ቢተዉት ይበቃዋል። የቀይ ሥር ቅጠልም እንደ ቆስጣው ይሠራል፤ ብዙ ሰው ግን ከገበያ ሲመለስ ቆርጦ ይጥለዋል። ቀይ ሽንኩርት ሲወደድ ግማሹን በባሮ ሽንኩርት ይተኩ። ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን ጣል ቢያደርጉበት ወጡ ይበረክታል፤ ለልጆችም ይበጃል።

ዘይቱን ይቀንሱ እንጂ አያጥፉት። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በደንብ የሚዋሐደን ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ነው። ወጡ ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ ማድረግም በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ያንኑ ብረት ስለሚይዙት ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው።

እርጥበት ሲበዛ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። የተረፈውን ፀሐይ በወጣ ቀን ድርቆሽ ያድርጉት፤ የሻገተውን ግን ለቁጠባ ሲባል አይብሉ። ጎርፍ የነካውን ሰላጣም ጥሬውን አይመገቡ። መደቡን ከመጸዳጃ ቤትና ከፍሳሽ መስመር ያርቁ፤ በተበከለ የወንዝ ውሃም አትክልት አያጠጡ።

ግቢ የለኝም ማለት ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከታች የተበሳ አሮጌ በርሜል ወይም አፈርና ብስባሽ የተሞላ ጆንያ በረንዳ ላይ ጎመን ያበቅላል። በአንድ መደብ ወይም በአንድ ጆንያ ይጀምሩ፤ የዘንድሮው ዝናብ ሳያልፍ ችግኙን መሬት ያስይዙት።